«ስታድግ ይለቅሃል» የተባለ ጉልበት ሳይለቅ ሲቀር

ለወጣት ስፖርተኞች፣ ለአሠልጣኞችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ሁሉ፣ ገና ሳልጀምር አንድ ነገር አድርጉልኝ። የሚያማችሁን ቦታ ንኩት። በመዳፍ አይደለም፣ በአንድ ጣት። ጣታችሁ የት እንዳረፈ አስታውሱ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የዛሬው ጉዳይ የሽማግሌ ጉልበት አይደለም። በ12 እና በ13 ዓመታቸው ኳስ ሲራገጡ ወይም ሲሮጡ ጉልበታቸውን ማመም የጀመራቸው፣ «እያደግህ ነው፣ ስታድግ ይለቅሃል» ተብለው የታገሡ፣ አሁን 19፣ 22፣ 25 ዓመት ሞልቷቸው ቁመቱ ሲቆም ሕመሙ ያልቆመላቸው ሰዎች ጉዳይ ነው።

«ስታድግ ይለቅሃል» ያለው ሰው አልዋሸም። አብዛኛውን ልጅ ይለቀዋል። ግን እስኪለቅ ምን ይደረግ? ካልለቀቀስ? ምክሩ ይህን አይነግርም። ልጁ በዚያ መሀል የሚያደርገው የታወቀ ነው፦ ሲያመው ያርፋል፤ ሲሻለው በአንድ ጊዜ ሙሉ ጨዋታ ይገባል፤ ያመዋል፤ እንደገና ያርፋል። አምስት ስድስት ዓመት እንዲህ ሲመላለስ የኖረ እግር፣ አጥንቱ አድጎ ሲጨርስ ጡንቻውና ጅማቱ ደክመው ይቀራሉ። ከዕድገት የተረፈ የሚመስለን ሕመም ብዙ ጊዜ በዚህ ምልልስ የመጣ ድክመት ነው። ዕረፍት ሕመሙን ያስተኛዋል፤ ጅማቱን ግን አያጠነክረውም።

በመጀመሪያ የጉልበቱን አሠራር እንይ። ከጭን ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ጡንቻ ወደ ታች ሲወርድ ጅማት ይሆናል፤ ጅማቱ የጉልበት ሎሚን አቅፎ ያልፍና በቅልጥም አጥንት አናት ፊት ለፊት ያለች ጉብታ ላይ ይተከላል። ስንሮጥ፣ ስንዘል፣ ኳስ ስንመታ ጡንቻው ያችን ጉብታ ይጎትታታል። በአዋቂ ላይ ጉብታዋ ጠንካራ አጥንት ናት። በልጅ ላይ ግን ገና ልም አጥንት ናት። ሴቶች ልጆች ከ10 እስከ 13፣ ወንዶች ደግሞ ከ12 እስከ 15 ዓመት ግድም ቁመታቸው በፍጥነት ሲጨምር ጅማቱ እንደ ገመድ ይወጠራል፣ ጉብታዋም እንደ ችካል ትነቃነቃለች። ቦታው ያብጣል፣ ሲነኩት ያማል፣ ጉብታዋም ትተልቃለች። የሕክምና ወረቀታችሁ ላይ «ኦስጉድ ሽላተር» የሚል ካያችሁ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ኦስጉድ በቦስተን፣ ሽላተር በዙሪክ በየፊናቸው ጽፈውት ነው በሁለቱ ስም የተጠራው።

ጉብታዋ አትጠፋም። አጥንት ስለሆነች ማሸትም፣ ማሰርም፣ ቅባትም አያሟሽሻትም። መታየቷ ብቻውን ደግሞ በሽታ አይደለም፤ ትልቅ ጉብታ ይዘው ምንም ሳያማቸው የሚጫወቱ ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ ጣታችሁ እንመለስ።

ጣታችሁ ከሎሚው በታች ሦስት ጣት ያህል ወርዶ ጉብታዋ ላይ ካረፈ፣ የልጅነቱ ሕመም ቅሪት ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ ሰው ያኔ የተላቀቀች ትንሽ የአጥንት ቁራጭ ሳትጋጠም በጅማቱ ውስጥ ትቀራለች፤ ኤክስሬይ ላይ ትታያለች። የዚህ ሰው ትልቁ ቅሬታ ሩጫ ላይሆን ይችላል፤ መንበርከክ ነው።

ጣታችሁ በራሱ በሎሚው የታችኛው ጫፍ ላይ ካረፈ የታመመው ጅማቱ ነው። ጠባዩ ያስታውቃል፤ ልምምድ ሲጀመር ያማል፣ ሰውነት ሲሟሟቅ ይተዋል፣ በማግሥቱ ጠዋት ግን ዕዳውን ይጠይቃል። ቮሊቦልና ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች በደንብ ያውቁታል።

አንድ ቦታ መምረጥ አቅቷችሁ በመዳፋችሁ ሎሚውን ዙሪያውን የዳበሳችሁ ደግሞ ሦስተኛዎቹ ናችሁ። የእናንተ ሕመም ሎሚው ከጭን አጥንት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ደረጃ ስትወርዱ፣ ቁጢጥ ስትሉ፣ ከታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ጉልበት ታጥፎ ከሜክሲኮ አያት ስትደርሱ ይብሳል። ኤክስሬዩ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው። ንጹሕ ኤክስሬይ ማለት አጥንቱ ደህና ነው ማለት ነው። «ምንም የለብህም» ብሎ መተርጎም ግን ስሕተት ነው፤ ኤክስሬይ የጡንቻ ድካምን አያሳይም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የዛሬውን ምክር ትታችሁ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለባችሁ ማን ማን እንደሆናችሁ ልናገር። ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ከእንቅስቃሴ ጋር የማይገናኝ፣ እብጠቱም ከሳምንት ሳምንት የሚያድግ ከሆነ ቶሎ ኤክስሬይ ያስፈልጋል። በአፍላ ወጣቶች ላይ የሚከሰት የአጥንት ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በጉልበት ዙሪያ ነው። ብርቅ ነው፤ ግን ወራት በማሸት የሚባክንበት በሽታ አይደለም። ጉልበቱ ከሞቀና ካበጠ፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ ቲቢን ጨምሮ ኢንፌክሽን ይታሰባል። ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚገትር እና የሚያብጥ ጉልበት የመገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ይችላል። ተቆልፎ አልዘረጋ የሚል፣ ወይም ከተጠማዘዘ ወዲህ የሚከዳ ጉልበት የውስጥ ጉዳት ሊኖርበት ይችላል። ሲዘል «ጧ» ብሎ ወድቆ እግሩን ቀጥ አድርጎ ማንሳት ያቃተው ልጅ ጉብታዋ ተገንጥላ ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ይግባ።

አሠልጣኞች አንድ ነገር ያዙልኝ። ከ10 እስከ 16 ዓመት ያለ ልጅ «ጉልበቴን» እያለ ካነከሰና እግሩ ወደ ውጭ ከዞረ፣ በሽታው ዳሌው ውስጥ ሊሆን ይችላል። የጭን አጥንት ራስ በማደጊያው መስመር ላይ ሲንሸራተት ሕመሙ የሚሰማው ጉልበት ላይ ነው። ጉልበቱን ብቻ ኤክስሬይ አንሥተው «ደህና ነው» ቢሏችሁ አትመለሱ፤ ዳሌውም ይታይ። እስኪታይም አይራመድበት።

እነዚህ ሁሉ ከሌሉባችሁ ሥራው የእናንተ ነው። ሥራው በመለኪያ ይጀምራል። ሕመምን ከ0 እስከ 10 ቁጠሩት፤ 0 ምንም፣ 10 የማይቻል። በልምምድ ጊዜ እስከ 2 ከሆነ ቀጥሉ። ከ3 እስከ 5 ከሆነ ባላችሁበት ቆዩ፣ አትጨምሩ። ከ5 ካለፈ የዕለቱን ልምምድ ቀንሱ። ከዚህ የበለጠው ፈተና ግን የማግሥቱ ጠዋት ነው። በየቀኑ ጠዋት ሕመሙን የምትለኩበት አንድ ዓይነት ነገር ምረጡ፤ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ መጀመሪያ ስትወርዱ፣ ወይም መጸዳጃ ቤት መጀመሪያ ቁጢጥ ስትሉ። ያ ሕመም ከትናንቱ ጠዋት ካልበለጠ የትናንቱ ጭነት ትክክል ነበር። ከበለጠ በዝቷል። ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉ፤ ያልተጻፈ ሕመም ሲያልፍ ይረሳል፣ ሲመለስ ደግሞ ይጋነናል።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ነው። ሩጫ፣ ዝላይና ጠንካራ ምት ይቆማሉ፤ መራመድና ብስክሌት ከ2 ቁጥር እስካላለፉ ይቀጥላሉ። አልጋ ላይ መዋል የለም። ጡንቻውን ሳታንቀሳቅሱ ታሠሩታላችሁ፦ ጀርባ ግድግዳ ላይ፣ ተረከዝ ከግድግዳው 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ ጉልበቱ ግማሽ እስኪታጠፍ ድረስ ወደ ታች መንሸራተት። እዚያ ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ቆዩ፣ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ዕረፉ፣ 5 ጊዜ ድገሙ፣ በየቀኑ። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ የሚሳሳተው አንድ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ወንበር ላይ የተቀመጠ ያህል ይወርዳል። ያ ጥልቀት ሎሚውን ከጭን አጥንት ጋር ክፉኛ ያጫነዋል። ሌላው፣ ሳይታወቀው ክብደቱን በጤነኛው እግር ላይ ይጥላል። ሁለት የቤት ሚዛን ከተገኘ እያንዳንዱ እግር በአንዱ ላይ ይቁምና ልዩነቱን ራሳችሁ እዩት። ከዚህ ጋር በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ መቀመጫን ከመሬት ማንሣት፤ 10 ጊዜ፣ በ3 ዙር።

ጠዋቱ ለአንድ ሳምንት ያህል ጸጥ ካለ ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ እለፉ። ይህ እስከ 12ኛው ሳምንት ይሄዳል፣ በሳምንት 3 ቀን፣ ቀን እየዘለሉ። ጂም አያስፈልግም። 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ጠንካራ ወንበር፣ አንድ የደረጃ እርከን እና የጀርባ ቦርሳ ይበቃል። ከወንበሩ በ3 ሰከንድ ተነሡ፣ በ3 ሰከንድ ተቀመጡ፤ ሳትወድቁ፣ ሳትወረወሩ። በሁለት እግር 15 ጊዜ በ4 ዙር ሲቀልላችሁ ቦርሳው ውስጥ ውሃ ጨምሩ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ባለ 2 ሊትር ጠርሙስ፣ ቀጥሎ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን። ክብደቱ ሲጨምር ቁጥሩ ይውረድ፤ ከ15 ወደ 12፣ ከ12 ወደ 8። ከዚያ ያለ ክብደት በአንድ እግር።

እርከኑ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በሚያመው እግር ላይ ቆማችሁ የሌላውን እግር ተረከዝ በ3 ሰከንድ ወደ መሬት አውርዱ፣ ነክታችሁ ተመለሱ፣ 10 ጊዜ በ3 ዙር። መስተዋት ፊት አድርጉት። ጉልበቱ ወደ ውስጥ ከዘመመ የእርከኑ ከፍታ በዝቷል ወይም ዳሌው ደክሟል። ለዳሌ በጎን ተኝቶ የላይኛውን እግር ማንሣት 15 ጊዜ በ3 ዙር ይጨመር። በመዳፍ ላሳያችሁኝ ሰዎች ይህ የዳሌው ሥራ ተጨማሪ አይደለም፤ ከእሱ ጀምሩ። ለሁላችሁም በአንድ እግር ተረከዝ ማንሣት፣ 15 ጊዜ በ3 ዙር፤ የደከመ ባት በዝላይ ጊዜ ሸክሙን ወደ ጉልበት ያሻግራል።

ሁልጊዜ ከደካማው እግር ጀምሩ፣ ጤነኛው ደካማው የሠራውን ያህል ብቻ ይሥራ። በግልባጭ ካደረጋችሁት ልዩነቱ ሰፍቶ ይቀራል።

ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል አሁን ነው። ዴንማርክ ውስጥ ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆኑ 51 ኦስጉድ ሽላተር ያለባቸው ልጆች፣ ጭነታቸው ተለክቶ ጡንቻ ማጠንከሪያ እየሠሩ ለ12 ሳምንት ተከታትለዋቸው ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። በ12ኛው ሳምንት 80 በመቶው መሻሻሉን ተናገሩ። ወደ ስፖርታቸው የተመለሱት ግን ያኔ 16 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በዓመቱ 69 በመቶ ሆኑ። የእነሱ ዕድሜ ከእናንተ ያንሳል። ሆኖም አንድ ነገር ይነግረናል፤ መሻልና መጫወት አንድ ቀን አይመጡም። አብዛኛው ሰው ተመልሶ የሚታመመው በዚያ መሀል ነው፣ ሕመሙ ስለጠፋ አቅሙ የተመለሰ መስሎት።

ለመሮጥ መግቢያው ይህ ነው፦ 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ ርምጃ እና በሚያመው እግር ብቻ 10 ጊዜ ከወንበር መነሣት፣ ሁለቱም ከ2 ቁጥር ሳያልፉ። ከዚያ 1 ደቂቃ ሩጫ፣ 2 ደቂቃ ርምጃ፣ 8 ጊዜ፣ ቀን እየዘለላችሁ። በየሳምንቱ ሩጫውን በ1 ደቂቃ አስረዝሙ። ሜዳው ለጥ ያለ ይሁን። እንጦጦ የምትሮጡ፣ ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው የሚጎዳው፤ ለጊዜው ሩጡና ውጡ፣ ተራምዳችሁ ውረዱ። ርምጃችሁንም ቁጠሩ። በደቂቃ 160 የሚረግጥ ሰው ፍጥነቱን ሳይለውጥ ወደ 168 ወይም 176 ቢያደርሰው ርምጃው ያጥራል፣ ጉልበት ላይ የሚያርፈውም ጫና ይቀንሳል። ኳስ ተጫዋቾች በአጭር ቅብብል ጀምሩ፤ የሙሉ ኃይል ምት እና ዝላይ መጨረሻ ላይ ይመጣሉ።

ስለ መንበርከክ ረዘም አድርጌ ላውራ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሮጦ የማያመው ሰው ስቅለት ዕለት ሰግዶ በማግሥቱ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። ምክንያቱ ስግደቱ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ዜሮ የነበረው ጭነት በአንድ ቀን በመቶ መቆጠሩ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ስምንት ሳምንት ሊሞላ አንድ ቀን ብቻ ይጎድለዋል። ከዚህ የተሻለ የልምምድ ዘመን ማን ይሰጣችኋል? በመጀመሪያው ሳምንት ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ 10 ስገዱ፣ በየሳምንቱ 10 ጨምሩ። ቅዳሜና እሑድ ስለማይሰገድ ዕረፍቱም ተካቶበታል። አወራረዱ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ እጅ መሬት ይንካ፣ ከዚያ ጉልበት በቀስታ ይረፍ። ቆሞ በጉልበት የሚወድቅ ሰው ሙሉ ክብደቱን በጉብታዋ ላይ ይጥላል። ሲነሡ ጤነኛው እግር ይቅደም።

ለሰላት ነገሩ ሌላ ነው። በቀን 17 ረከዓ፣ 34 ሱጁድ አለ፤ ነገር ግን በአምስት ወቅት ስለተከፋፈለ ለጅማት የተመቸ ነው። የሚያስቸግረው ሲሚንቶ ላይ የተነጠፈ ስስ ምንጣፍ እና በረመዳን የሌሊቱ ሰላት፣ ተራዊሕ፣ በአንድ ጊዜ ሲጨመር ነው። ለሁለቱም የሚሠራ ብልሃት፦ ሦስት ሳንቲ ሜትር የሚወፍር ስፖንጅ ቁረጡ፣ ጉብታዋ በምታርፍበት ልክ መሀሉን ብሱት። ክብደቱ በዙሪያው ይያዛል፣ ጉብታዋ አትጫንም። ጋቢን አራት አጥፎ ማንጠፍ ይለዝባል እንጂ ጉብታዋን ከጫና አያድናትም። በጣም የሚያማችሁ ደግሞ አሳቡን ከነፍስ አባታችሁ ወይም ከኢማማችሁ ጋር ተነጋገሩበት፤ ለታመመ ሰው መንገድ አለው።

መንበርከክን ማለማመድም ይቻላል። ጉብታዋ በመደበኛው ልምምድ ጸጥ ካለች በኋላ፣ ክንዳችሁን አልጋ ላይ አስደግፋችሁ በወፍራም ስፖንጅ ላይ 30 ሰከንድ ተንበርከኩ፣ 3 ጊዜ። በየሳምንቱ ወይ ስፖንጁን አሳሱ ወይ ከክንዱ ክብደት ቀንሱ፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይደለም።

ስለ ወጌሻ ሁሌ ይጠየቃል። የጭንና የባት ጡንቻን በልኩ ማሸት አይጎዳም፣ ለጥቂት ሰዓታትም ይቀልላል። ጉብታዋን ወይም ጅማቱን በአውራ ጣት መደፍጠጥ ግን የተቆጣን ቦታ ማስቆጣት ነው። ጉልበት የሚጠመዝዝና «የወጣውን እመልሳለሁ» የሚል ካገኛችሁ፣ እዚህ ቦታ ላይ የወጣ ነገር የለም። «ብርድ ገብቶበት ነው» የሚለውም እንደዚያው ነው፤ ብርድ ሕመሙን ሊያሰማ ይችላል፣ አላመጣውም። በረዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቢያዝ ያደነዝዛል፣ ከዚያ አይዘልም። ከሎሚው በታች የሚታሰረው ቀበቶ ለአንዳንዱ በልምምድ ሰዓት ይረዳል፤ ተኝቶ አይታሰርም።

ከጨዋታ በፊት አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ ውጦ መግባት የመኪናውን የዘይት መብራት በፕላስተር እንደ መሸፈን ነው። መለኪያችሁን ታጣላችሁ፣ ጨጓራ ያለበት ደግሞ ሌላ በሽታ ይጨምራል። ጅማቱ ላይ ስቴሮይድ መርፌ አታስወጉ። ለጥቂት ሳምንት ይሻላል፣ ጅማቱን ግን ያደክማል፣ ሊበጠስም ይችላል።

ቀዶ ሕክምና የሚነሣው ለጥቂቶች ነው፤ አጥንቱ አድጎ የጨረሰ፣ ኤክስሬይ ላይ ያልተጋጠመች ቁራጭ የታየበት፣ ወራት በአግባቡ ሠርቶ አሁንም ለመንበርከክ ያልቻለ ሰው። ቁራጯ ስትወጣ አብዛኛው ሰው ይሻለዋል። በጠባሳው ላይ መንበርከክ ግን ለአንዳንዱ አይመችም፣ ይህን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

መቼ ጨረስሁ ልበል ለምትሉ፣ አሁን የተቀመጣችሁበት ወንበር ይበቃል። ጫማችሁን አውልቁ፣ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምሩ፣ አንዱን እግር አንሡና በሌላው ብቻ ተነሡ፣ በቀስታ ተቀመጡ፣ እስኪያቅታችሁ ቁጠሩ። ከዚያ በሌላው። ልዩነቱ ከ10 በመቶ በታች ከሆነና ነገ ጠዋት ቁጢጥ ስትሉ ቁጥሩ ካልጨመረ፣ ልምምዱን በሳምንት ወደ 1 ቀን አውርዱት፣ ጨዋታችሁን ቀጥሉ። ጤነኛው 20፣ የሚያመው 11 ከሆነ ግን ገና ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ናችሁ። በሉ፣ ከፊት ረድፍ እንጀምር፤ በሚያመው እግር።